የመሻገሪያው ዘበኞች

ቅዳሜ፣ በሠልስቱ ረፋድ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ አስካለች፣ ትልቁ ልጃቸው ቀጀላ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሳህሌና ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ቀጀላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። ሲነሳ ሲቀመጥ፣ ውኃ ልቅዳ እያለ ሲወጣ ሲገባ አረፈደ።

"ኧረ አንተ ልጅ እረፍ! አግዳሚው ፈጀህ እንዴ?" አሉት ጋሽ ሳህሌ።

ወዲያው ኦልጅራ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ታየ። 

ቀጀላና ኦልጅራ አቃቂ ላይ የሐዲዱን መሻገሪያ በፈረቃ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው። ባቡር ሲመጣ ሰንሰለቱን መንገዱ ላይ ይዘረጋሉ። ሐሙስ ዕለት ኦልጅራ ምሳ ሊበላ እንደሄደ ባቡር መጣ። የቀጀላ ታናሽ ወንድም ሁንዴ ሰንሰለቱ አለመዘርጋቱን አይቶ፣ ጋሪውን እየነዳ ሐዲዱ ላይ ገባ።

"ልቅሶ ልደርስ ነው" አለ ኦልጅራ።

"ለሆድህ ብለህ የገደልኸውን?" አሉ ጋሽ ሳህሌ። "ውጣ! ከእድሩም ትሰረዛለህ።"

ቀጀላ እንደገና ተነሳ። ባለፈው ክረምት እሱም ከምሳ ሲመለስ ባቡሩ እያለፈ ነበር። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቷል። ሁንዴ ፈረሱን ይዞ ዳር ቆሟል።

"ማነው የዘረጋው?" አለው ቀጀላ።

"ፈረሱ ነዋ! የጣቢያው ሹም እሱን ይቅጠረው፣ አንተ ጋሪ ጎትት።"

ሁንዴ ለማንም አልተናገረም። ቀጀላም በማግሥቱ እንደገና ሄዶ ምሳውን በላ።

"ቀጀላ፣ ታላቁ አንተ ነህ" አሉ እናቱ። "ይቀመጥ ወይስ ይውጣ?"

ከተናገረ ሥራው ይቀራል። እናቱስ ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ያዩታል?

"እኔም እሄድ ነበር፣ እማዬ።"

"የት?"

"ምሳ። በየቀኑ። አንድ ቀን ባቡር ደርሶ፣ ሁንዴ ነው የዘረጋልኝ።"

"አንተ እኮ ማንንም አልገደልህም!" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

"ሁንዴ ስለነበረ ነዋ! ለኦልጅራ ማን ይዘርጋለት? ዘርጊው ጋሪው ላይ ነበር።"

ወይዘሮ አስካለች የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ኦልጅራ ተቀመጠ። ቀጀላን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ሰኞ ቀጀላ ያንኑ ለሹሙ ተናገረ። ሁለቱም ከሥራ ተሰናበቱ።