ተርብ በቀበሌው አዳራሽ

ካድሬው «የእሑዱን የልማት ዘመቻ የሚቃወም እጁን ያውጣ!» አለ። በዚያ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ለተቃውሞ እጅ ሲወጣ ታይቶ አይታወቅም። ልክ ያኔ፣ በጨርቅ ነጋዴዋ በዘይነት እጅጌ የገባ ተርብ ብብቷን ነደፋት።

«ያ አላህ!» ብላ እጇን ወደ ጣራው ሰቀለች።

አዳራሹ ክው አለ። ጎረቤቷ ፀሐይወርቅ እንኳ ቀስ ብላ ወንበሯን አራቀች።

«ጓዲት ዘይነት፣ አብዮቱን ትቃወሚያለሽ?» አለ ካድሬው፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ።

ዘይነት እጇን ፈጥና አወረደች። «እኔ ምን አልሁ? ተርብ ነድፎኝ ነው!» ብላ እጅጌዋን ስታራግፍ ተርቡ ተምዘግዝጎ ወጣና በካድሬው ኮሌታ ገባ።

«እምዬ ማርያም!» ብሎ ካድሬው ሁለት እጁን ሰቀለ።

ጥግ ቆመው እጅ የሚቆጥሩት ጋሽ አበራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሦስት ተቃውሞ» አሉ።