ከዊተን በእግር የመጡት

«አሁንስ ስንት ሆንን?» አሉ አባባ ልሳነወርቅ፣ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ።

«ሦስት ነን፣ አባባ። ያው ሦስት» አለ ዘሪሁን ከመስኮቱ ሳይዞር።

ሦስተኛው ሚስተር ገርሰን ነበሩ፤ ከአምስተኛው ፎቅ በሊፍት የወረዱ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ጎረቤት። ከእሳቸው በቀር ለቅሶ ሊደርስ የቻለ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ የጀመረው በረዶ እሁድን ሲወርድ ውሎ አድሮ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግን ውጧታል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ የለም። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ መኪናው የቱ፣ የበረዶ ክምሩ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከምኩራቡ ተደውሎ፣ ሰው መላክ አልቻልንም፣ ይቅርታ አድርጉልን ተብሏል።

አፀደ ከሶፋው ላይ በወረደ ትራስ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ አንገት በቀብሩ ዕለት ለሐዘን እንደተቀደደ ነው፤ መስተዋቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ባሏ እንግዳወርቅ የተቀበረው አርብ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ቦታው፣ የተፈታ ቴሌቪዥን ላይ እንዳጎነበሰ ልቡ ቀጥ አለች። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«ባገራችን ቄሱ ነበሩ የሚጸልዩ» አሉ አባባ። የሟች አባት ናቸው፤ ከጎንደር ሱዳን፣ ከሱዳን እስራኤል፣ ከዚያም ልጆቻቸውን ተከትለው እዚህ የመጡ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ። «እዚህ ግን አሥር ወንድ ካልሞላ ካዲሽ፣ የሙታን ጸሎቱ፣ አይባልም አላችሁኝ። ደግ፣ ተቀበልኩ። ከአርብ ወዲህ ደግሞ አሥር ሰው የለም ትሉኛላችሁ። ልጄ እንግዲህ በየትኛው ሕግ ይሸኝ?»

ዘሪሁን ስልኩን መልሶ አነሳ። ለሟች ታናሽ ወንድሙ ነው። ከንጋት ጀምሮ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሰው ሁሉ ስልክ ሲደውል ቆይቷል።

አፀደ አንገቷን ደፋች። የጎደሉት ወንዶች የት እንዳሉ ታውቃለች። የአንደኛው ስልክ ቁጥር በቃሏ ነው። ከደወለች ግን ይመጣሉ፤ ከመጡ ዘሪሁን ጠያቂ ነው፣ ይጠይቃል።

*

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። እንግዳወርቅ ዊተን ውስጥ ቴሌቪዥንና ዴክ ይጠግን ነበር። አንድ ደንበኛ የቪዲዮ ካሴት የነከሰ ዴክ አምጥቶ ሄደ። እንግዳወርቅ ካሴቱን ፈልቅቆ አወጣ፣ የተጨማደደውን ቴፕ አቃንቶ ጠቀለለና ደህና መሆኑን ለማየት አጫወተው። ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አጥፍቶ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ኦቨርታይም በዛ። ቤት ሲገባ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አያነሳም። ዱሮ ምኩራብ ውስጥ ኦሪት ሲነበብ ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ ፊቱ የሚበራ ሰው ነበር፤ አሁን የንባቡ ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ ኮሪደር ይወጣል። አፀደ ሌላ ሴት ያዘ ብላ ጠረጠረች። አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ አናት የክረምት ብርድ ልብስ ስትስብ ካሴቶቹ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፉ።

«የደንበኛ ነው» አላት ማታ።

«የደንበኛ ዕቃ በብርድ ልብሳችን ይጠቀለላል?»

አፀደ ሻንጣዋን ይዛ አሌክሳንድሪያ መዳረሻ፣ ስካይላይን አፓርታማ ወደምትኖረው እህቷ ወደ መዓዛ ሄደች። ለመዓዛም ቢሆን ምክንያቱን አልነገረቻትም። ሌላ ሴት ብትሆን ስም ይኖራት ነበር፣ ሄጄ እጣላት ነበር፤ ይህን ከማን ጋር ልጣላ? እያለች ብቻዋን ትብሰለሰል ነበር።

*

አፀደ ከትራሱ ተነሳች። ማድ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና ደወለች።

«ሞሪስ? የእንግዳወርቅ ሚስት ነኝ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርን» አለ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ። «አጥሩ ጋ ቆመን። ልታይን ትፈልግ እንደሆነ ስላላወቅን አልቀረብንም።»

አፀደ አጥሩ ጋ የቆሙ ሰዎች አይታ ነበር፤ የሌላ ቀብር ሰዎች መስለዋት ነበር።

«ሞሪስ፣ ሦስት ወንዶች ብቻ ናቸው ያሉን። አባቱ ካዲሽ ካዲሽ እያሉ ናቸው። ግን መንገዱ…»

«መንገዱን ለእኛ ተዪው» አላት።

*

ሞሪስ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት። እንግዳወርቅ ከንባቡ ሸሽቶ ሲወጣ አንድ ቅዳሜ ተከትሎት ወጣ።

«ለምንድነው የምትሸሸው?»

«አልነጻሁም።»

«ከምን?»

እንግዳወርቅ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ሞሪስ አልጎተጎተውም። አጠገቡ ቆመና «እኔም እዚሁ ኮሪደር ላይ ስሸሽ አርጅቻለሁ» አለው። «ሚስቴ እስክትሞት ድረስ አላወቀችም። ያንን ያህል መደበቄ አሁን ከሠራሁት ይብስብኛል። ማክሰኞ ምድር ቤቱ ውስጥ የምንሰበሰብ አለን። ና።»

ይህን ሁሉ ለአፀደ የነገራት ራሱ እንግዳወርቅ ነው። እሁድ እሁድ ስካይላይን ይመጣል፤ ወደ ላይ አታስወጣውም፤ ሎቢው ውስጥ፣ ሰው በሚወጣና በሚገባበት ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«ወንዶች ተሰብስባችሁ ስለዚህ ነገር ታወራላችሁ?» አለችው ደንግጣ።

«እናወራለን። እናለቅሳለን። አንዳንዴም እንስቃለን፣ አፀድዬ። እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።»

በሌላ እሁድ መጥቶ ደግሞ እንዲህ አላት፦ «ሞሪስ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከአርብ ጀንበር እስከ ቅዳሜ ጀንበር ካሴቱን ነክተህ ታውቃለህ? አለኝ። በፍጹም፣ ሰንበት ነው፣ መብራት እንኳ የማልነካ ሰው ነኝ አልኩት። ታዲያ እጅህን መሰብሰብ ታውቅበታለህ፣ አትችልም ያለህ ማነው? አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሬ ሰንበት ስጠብቅ፣ ሰንበትም እኔን ስትጠብቀኝ እንደኖረች አላውቅም ነበር። አሁን ቅዳሜ ማታ የሰንበት መሸኛው ሻማ ሲጠፋ ለሞሪስ እደውልና ከሰንበት ላይ ትንሽ ቆርሼ ለእሁድ አሳድራለሁ።»

አፀደ ያን ዕለት አልመለሰችለትም። ግን በሚቀጥለው እሁድ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች።

ድኖ ነበር ማለት አይደለም። ከተመለሰች በኋላ በክረምት፣ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬ ወድቄያለሁ። ለሞሪስ ደውያለሁ። ከእኔው አፍ ስሚው ብዬ ነው።»

አለቀሰች። ተቆጣች። ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። ጠዋት ስትነሳ ግን ማንም ሳይይዘው መጥቶ የተናገረ ሰው ባሏ መሆኑ ገባት። ካሴቱን በብርድ ልብስ የጠቀለለው ሰውዬ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ውድቀት አልነበረም፤ ቢኖር ይነግራት ነበር።

ቆይቶ በዚያው ነገር የተያዙ ሌሎች ወደ እሱ ይደውሉ ጀመር። አንዱ በተለይ አዘውትሮ ይደውላል። ሁሌም ፈሪ ድምፅ ነው፦ «ይቅርታ፣ እሱ አለ?» ስሙን ተናግሮ አያውቅም፣ ከቡድኑ ጋር ተሰብስቦም አያውቅም። እንግዳወርቅ ተቀብሎ «ካፖርትህን ልበስ» ይለዋል። «አሁኑኑ ልበስ። ከቤት ውጣ፣ ሰው ያለበት ሂድ፤ ስትመለስ ኮል አድርግልኝ፣ እጠብቅሃለሁ።» ይጠብቀውም ነበር።

*

«ኧረ እናንተ!» ዘሪሁን መስኮቱን በመዳፉ ጠረገ። «ምንድነው ይሄ?»

አፀደም ሚስተር ገርሰንም ተነሱ። ከታች፣ ጆርጂያ አቬኑ መሃል፣ እስከ ጉልበታቸው የሰመጡ አምስት ወንዶች ይታገላሉ። ሁለቱ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው የልጆች መንሸራተቻ ይጎትታሉ፤ ቀይ፣ ፕላስቲክ። በላዩ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሽማግሌ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አንዱ ጎታች ሲወድቅ ሽማግሌው ክንዱን እያወናጨፈ የሚያበረታታ ይመስላል።

«ወደ እኛ ናቸው?» አለ ዘሪሁን።

«ወደ እኛ ናቸው» አለች አፀደ። ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ቃጣው።

ስድስቱ ሲገቡ ኮሪደሩ በበረዶ ረጠበ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ጢማቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል። ሞሪስ ከሁሉ በፊት አባባ ልሳነወርቅ ፊት ጎንበስ አለ፤ በለቅሶ ቤት ልማድ ቀድሞ አልተናገረም። አባባ እጁን ያዙት። እጁ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ከየት ነው የመጡት?» አሉ ወደ አፀደ ዞረው።

«ከዊተን፣ አባባ። በእግራቸው።»

«ዘጠኝ ሆንን» አለ ዘሪሁን። ከዚያ አፀደ እንዳትጠየቅ የፈራችውን ጠየቀ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ለእንግዶቹ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለእሷ። «ወንድሜን ከየት ነው የሚያውቁት? አንድም ቀን ስለነዚህ ሰዎች ነግሮኝ አያውቅም። የምን ጓደኞች ናቸው?»

ወንዶቹ ተያዩ። ምድር ቤቱ ውስጥ የተባለ እዚያው ይቀራል፤ ደንባቸው ነው። አፀደም ታውቃለች። የባሏ ምስጢር ነው፤ ባሏ ደግሞ ሊፈቅድላት የለም። ግን እነዚህን ሰዎች በሐሰት ታስተዋውቃቸው? በዚያ በረዶ ተጎትተው የመጡትን፣ የካርታ ጓደኞቹ ናቸው ትበል?

«ሞሪስ፣ ልንገራቸው?»

ሽማግሌው አምስቱን አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ነቀነቀ። ሌላውም። መጨረሻ ላይ የነበረው ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀ።

አፀደ አባባ ፊት ተንበረከከች። «አባባ፣ እንግዳወርቅ በሽታ ነበረበት። የሥጋ አይደለም። ራቁት ሰዎች የሚታዩበት ፊልም ይዞት ነበር። ማቆም አልቻለም፤ ቤቴን ጥዬ እስክሄድ ድረስ። እነዚህ ሰዎች በዚያው የተያዙ ናቸው። እርስ በርስ ተደጋግፈው ወጡ። እሱም ወጣ። ከወጣ በኋላ ሌሎች አወጣ። የሞተው ንጹሕ ሆኖ ነው፤ እኔ ሚስቱ እመሰክራለሁ።»

ዘሪሁን ወደ መስኮቱ ዞረ። ሚስተር ገርሰን አማርኛ ባይሰሙም ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

«ባገራችን» አሉ አባባ፣ «የረከሰ ሰው ወንዝ ወርዶ ነው የሚነጻ። ብቻውን ይሄዳል፣ ማንም አይነካውም፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ልጄ ብቻውን እንዳልሄደ ነው የምትነግሪኝ?»

«አዎ፣ አባባ። አብረውት ገቡ።»

አባባ የዘሪሁንን ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ከሞሪስ ጀምረው ስድስቱንም በየተራ፣ ጉንጫቸው ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ሳሟቸው። የመጨረሻው ሰውዬ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ዘሪሁን ዓይኑን ጠረገና ወደ ሞሪስ ሄዶ፣ በደረቁ፣ «እስቲ ተቀመጥ፣ ከመንሸራተቻው የተሻለ ወንበር አለን» አለው። ሞሪስ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። በለቅሶ ቤት ነውር መስሎ የታየው አልነበረም።

አንድ ሰው ግን ጎድሏል። የከሰዓቱ ጸሎት ጊዜ እያለፈ፣ ከሰሜን መስኮት ብርሃኑ እየሳሳ ነው። ያኔ በሩ ተንኳኳ። ካፖርቱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ግዙፍ፣ ጎልማሳ ሰው ቆሟል።

«ይቅርታ» አለ፤ አፀደም ድምፁን አወቀችው። ሐሙስ ማታ ደውሎ፣ እሱ አለ? ሲላት፣ ሞቷል ብላ የዘጋችበት ሰው።

«ከአሌክሳንድሪያ ነው የመጣሁት። ፒክአፔ ላይ የበረዶ መጥረጊያ አለኝ፤ ሥራዬ ነው። ድልድዩን እየጠረግሁ ተሻገርኩ።» ሌሎቹን አየና ምራቁን ዋጠ። «ሞሪስ ደወለልኝ። እንግዳወርቅ ቁጥሬን ሰጥቶት ኖሯል፣ ምናልባት እኔ የማልደርስለት ቀን ቢመጣ ብሎ።»

«ሐሙስ…» አለች አፀደ፣ «እንደዚያ መዝጋት አልነበረብኝም።»

«ሐሙስ ስልኩን ሳስቀምጥ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ካፖርቴን ለበስኩ። ወጣሁ። እየጠበቀኝ እንደሆነ አድርጌ ሄድኩ።» ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሮ፣ ከሁለት ዓመት ስልክ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ስሜ ኔተን ነው» አለ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ኔተን» አሉት ስድስቱ ባንድ ላይ።

ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። ሞሪስ የካዲሹን ቃል ለስለስ አድርጎ አስቀደመ፤ አባባ በጎንደር ድምፃቸው ተቀበሉ። ቃሉን በደንብ አያውቁትም፣ ግን አልተንቀጠቀጡም። ዘሪሁን አብሯቸው አለ። የአሜኑ ሰዓት ሲደርስ ወንዶቹ ሳይነጋገሩ ከደረታቸው አወጡት፤ ግድግዳው አስተጋባ፣ ከማዶ በር ጎረቤት ብቅ አለ። አፀደ ለባሏ እንዲህ ያለ አሜን ይባልለታል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሙት የሚያስነሳ አሜን። አለቀሰች፤ ግን ቀና ብላ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሻይ አፈላች። ወንዶቹ ሊሄዱ ሲነሱ ወለሉ ላይ የእግራቸውን አሻራ አየች፤ ካልሲያቸው ውኃ ጠጥቷል።

«ቆዩ» አለቻቸው።

መኝታ ቤት ገባች። ከሐሙስ ወዲህ ያልከፈተችውን የእንግዳወርቅን መሳቢያ ሳበች። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቡኒ፤ ጥንድ ጥንድ የታጠፉ ካልሲዎች። አቅፋቸው ወጣችና በየሰዉ እጅ አደረገች። ሞሪስ ጎንበስ ማለት አቃተው፤ እሷው አደረገችለት። ኔተን የደረሰውን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተቀምጦ አጠለቀ።

እግራቸው እየሞቀ ወጡ። ከታች የኔተን ፒክአፕ ሞተር ተነሳ፤ መንገድ እየጠረገ ሊያደርሳቸው።

እጇ ላይ አንድ ጥንድ ቀርቷል። ግራጫው። አፀደ ትራሷ ላይ ተቀመጠችና አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን በባዶ እግሯ አጠለቀች። ተረከዙ አልፏት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጣ። ጫፉን ሳብ አድርጋ አስተካከለችው።