በሩን ይዞ የሞተው ዘበኛ

ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ የክር ፋብሪካው ሲቃጠል ዘበኛው በሩን ይዞ ሞተ። «በሩን ይዞ» ሲሉ ከልክሎ ማለታቸው ነው፤ ሠራተኛው ግርግሩን ተገን አድርጎ ክር ሰርቆ እንዳይወጣ። ይህን የሚናገር ሰው ድምፁን እንኳ ዝቅ አያደርግም፤ ያውም የዘበኛው ልጅ አጠገቡ ቆማ እያየች።

ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ሙዚየሙ የአዛውንቶችን ቃል በድምፅ መቅረጫ እንድትሰበስብ ቀጥሯታል። ነገ ያቺ ስለ አባቷ የምትነገረው ነገር በትልልቅ ፊደል የሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ልትለጠፍ ነው። ኃላፊው «ከእሳቱ የተረፈ ሰው በአንደበቱ ሌላ ነገር ከተናገረ እቀይረዋለሁ፤ ካልሆነ አታድርቂኝ» ብሏታል። ከተረፉት ውስጥ በሕይወት ያሉት ደግሞ አንዲት የቀድሞ ክር ፈታይ ብቻ ናቸው።

ቤታቸው ስትሄድ አሮጊቷ በደንብ ተቀበሏት። «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ! አባትሽን መርጠሽ አልተወለድሽ!» ብለው ወንበር ሳቡላት። እንዲህ ያለውን ደግነት ስትውጠው ኖራለች፤ ይህንንም ዋጠችው። መቅረጫውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እማማ፣ አባቴ በሩን እንዴት አድርጎ ነበር የያዘው?»

«እንዴት ይሆናል? ያዘዋ!»

«እስቲ ተነሥተው ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን እየረገሙ ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ሰቀሉ፤ መዳፋቸውን ወደ ጣሪያው ገልብጠው፣ ከባድ ሸክም እንደተጫነው ሰው ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ። «ይኸው፣ እንዲህ!»

የፋብሪካው በር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት መዝጊያ ነበር። እንዲህ የሚያዘው እንዳይወርድ ነው።

«እርስዎ በየት ወጡ?» አለች ልጅቷ።

«በብብቱ ሥር ሾልኬ ነዋ!»

«ታዲያ ደግፎላችሁ እኮ ነው! እንድትወጡ!»

አሮጊቷ የተሰቀሉ እጆቻቸውን አንጋጠው አዩዋቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዷቸው።

«አይ፣ ከልክሎን ነው። አገር ያወቀውን! ደግሞ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ‹ማንም አይወጣም!› እያለ ሲጮህ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ የልጅ ድምፅ የመሰለ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።»

አባቷ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር። ቀጭኑ ድምፅ የማን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባት። ከእሳቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ የመታሰቢያ ቴአትር አሳይቶ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው የሌለበት ቴአትር አይደምቅም ባይ ነበሩ፤ «ይዞ ሞተ» የምትለዋን ወሬ ሲያገኙ ክፉው ተገኘላቸው። «ያንቺ አባት ስለሆነ ትችይበታለሽ» ብለው የዘበኛ ካፖርት ያለበሱት እሷን ነው። ልጅ ናት፤ ከሁሉ ተመርጣ ደስ ብሏት ነበር። ሕዝቡ ፊት እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ቆመች፤ «ማንም አይወጣም!» ብላ ጮኸች። እንዴት ያለ ጭብጨባ ነበር!

«እማማ፣ እሱ የኔ ድምፅ ነው! ቴአትሩ ላይ የሰሙት ነው!»

«የምን ቴአትር? እኔ እሳቱን ነው የምነግርሽ!» ተቆጡ አሮጊቷ።

አሳይቼ ላስረዳቸው ብላ ተነሣች፤ ምን ቢያደርጋት ነው እንጃ። በራፉ ላይ እጆቿን ዘርግታ፣ ድምፅዋን አቅጥና «ማንም አይወጣም!» ብላ ጮኸች።

አሮጊቷ ወደ ኋላ ሸሽተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«እሱ ነው! ራሱ ነው! አላልኩሽም?»

መቅረጫው ክፍት ነበር። የተሰቀሉትን እጆች አላየም፤ ይህን ግን አንድም ሳይቀረው ሰምቷል።