የሰባት ሰው ጀልባ

አባቴ እንድሪስ «ቤቴ ጠባብ ነው» ብሎ አያውቅም። በጦርነቱ ሰሞን ከቆቦ የተፈናቀሉ አስራ ዘጠኝ ሰዎች አምባሰል ያለችው ባለሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ከርመዋል፤ እሱ ራሱ በረት ከከብቶቹ ጋር ነበር የሚያድረው። እኔ ያኔ ጅዳ ነበርኩ። ስደውል «አብሽሪ ሂንድ፣ ሰፊ ነው» ይለኛል። ይህን ያነሳሁት ላመሰግነው ብዬ አይደለም፤ ባል ሊያሳጣኝ የነበረው ይኸው ደግነቱ ስለሆነ ነው።

ባል የምለው ኢምራንን ነው፤ ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ ይነዳል። ሽማግሌ ልኮብኝ አባቴ በወጉ አስተናገዳቸውና «እስቲ እናያለን» ብሎ ሸኛቸው። እናያለን እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ ሴት ልጅን በቁሟ የሚያደርቅ ቃል ነው። ለእረፍት ነው የመጣሁት፤ የጅዳ ቪዛዬ ሊቃጠል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሺ ካለ አገባለሁ፤ እምቢ ካለ ተመልሼ የሰው ቤት እጠርጋለሁ። ስወተውተው ጊዜ «በደረቅ መሬት ሁሉም ሰው ደህና ነው። ሥራው ላይ ልየው» አለ።

ጀልባዋ ደግሞ እሁድ ለዓመታዊ ጥገናዋ ከውሃ ልትወጣ ነው። ታችዋ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብታ እስክትመለስ ወር ይፈጃል። ያለችን ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ኢምራን ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ለአንድ ዙር የምትሆን ከየትም ከየትም አሰባስቦ «አሁን ባለችበት ሰባት ሰው ትችላለች» አለኝ። እኔና አባቴ ሁለት ነን፤ ሰባቱን ማን ይሞላል ብዬ ሳቅሁ።

የአባቴን አመል ረስቼ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ውሃው ዳር ስንወርድ ሰላም ያለውን ሁሉ ጋበዘ። የድሮ ጎረቤታችንን ሀሚዱን፣ ከግሸን የሚመለሱ ባልና ሚስት፣ በግ ሽጠው የጨረሱ ሦስት ወንድማማቾች፣ ሁለት ዓሣ ሻጭ እህትማማቾች፣ መንገዱን ያጋመሰልንን ባጃጅ ነጂ ሳይቀር። ስንደርስ አስራ አንድ ሆነናል።

ኢምራን በዓይኑ ቆጠረን።

«አባቴ፣ የምትችለው ሰባት ነው» አለ፣ እጅ ከነሳ በኋላ።

«ጠጋ ጠጋ እንላለና! እንግዶቼ ናቸው እኮ።»

«የእርስዎ እንግዳ የእኔም እንግዳ ነው። ግን ብየዳዋ ለቋል፤ ነገ የምትወጣውም ለዚሁ ነው።»

«እኔ ብለምንህስ?»

እሺ በል፣ በአላህ እሺ በል አልኩ በሆዴ። ወሎ ውስጥ የተጋበዘ እንግዳ መመለስ፣ ያውም የአማትን! ኢምራን አንገቱን ደፍቶ «ቢቆጡኝም ከሰባት በላይ አልጭንም» አለ።

አባቴ አንድ እግሩን ጀልባዋ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ አወጣው። እኔም ቀድሜ ገብቼ ነበርና ልወርድ ስነሳ «አንቺ ተቀመጪ፣ እንግዳ ብቻውን አይሄድም» አለኝና ከሦስቱ ወንድማማቾች ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። 

አለቀልኝ አልኩ። በንዴት ኢምራንን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከዳር የማየው ሐይቅ መሀሉ ሲገቡበት ደስ ይላል። ከግሸን የመጣችው ሴትዮ የእስጢፋኖስን ገዳም ከሩቅ ስታይ አማተበች። ሀሚዱ በአምባሰል ቅኝት ማንጎራጎር ጀመረ፤ ባጃጅ ነጂው አጨበጨበ። እየተናደድኩም ቢሆን ደስ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብል ውሃ ነው። ኢምራን ጣሳ አቀበለኝና «ሰሞኑን ይህን ያህል ታስገባለች፤ አይዞሽ፣ ጨልፊ» አለኝ። ጨለፍኩ። ሀሚዱ ዘፈኑን ትቶ የጀልባዋን ጠርዝ አየ፤ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። «እነዚያ አራቱ ቢጨመሩ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም።

ስንመለስ ግን ሀሚዱ አባቴ ፊት ቆሞ ያቋረጠውን ጨረሰው፤ በስንዝሩ እየለካ። አባቴ የረጠበ ጫማዬን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ጣሳ አየ፣ ኢምራንን ጠራው።

«ለትልቅ ሰው እምቢ ብለህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ገና ነው። አውፍ ይበሉኝ አባቴ።»

«እኔ በስልሳ ዓመቴም አልቻልኩበት።» ወደ እኔ ዞረ። «ያን ጊዜ አስራ ዘጠኝ ሰው ሳስገባ እናትሽ ስንት ቀን ጦሟን እንዳደረች አልነገርኩሽም። ሰፊ ነው ስልሽ የሚጠባት እሷን ነበር።»

ጣሳውን ከእጄ ወሰደ። 

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አለው ኢምራንን። «ከሰባት ግን እንዳይበልጡ። ቤቴ ጠባብ ነው።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ኢምራን ጉልበቱን ሊስም ሲጎነበስ አባቴ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ከዚያ ዞር ብሎ ጀልባዋ ላይ ሳይወጡ የቀሩትን ሦስቱን ወንድማማቾች ለሰርጉ ጠራቸው፤ ዘመድ ካላቸውም ይዘው እንዲመጡ።