ሳይታዘዝ የሚጽፈው

ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ኮድ መጻፍን በሃምሳ አራት ዓመቱ ያለ አስተማሪ፣ ከመጽሐፍ ተምሮ፣ የሆስፒታሉን የታካሚዎች መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩን ሥራ ከአንዲት ወጣት ባለሙያ ጋር ይዞ ነበር።

የዳታቤዙን መዝገቦች ለፕሮግራሙ የሚያቀርበው የሶፍትዌር ማዕቀፍ ሁለት በይነገጾች፣ ማለትም ሁለት የመጠቀሚያ መንገዶች፣ ነበሩት። አንደኛው ያወጣውን መዝገብ እስኪዘጋ ድረስ ይከታተላል፤ የተነካውንም ሁሉ «አስቀምጥ» ሳይባል መልሶ ይጽፋል። ሁለተኛው ካላዘዙት አንዲት ፊደል አይጽፍም። መምረጥ ለሽማግሌው ተተወ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይቅርብዎ» አለች ባለሙያዋ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው።»

«ትጉህ ሎሌ ማን ይጠላል?»

«ትጉህስ ጎረቤቴም ናት። ያልነገርኳትን ሳይቀር ሰፈር ታዳርስልኛለች።»

ለምሳ ስትወጣ ብቻውን ቀረ። የሙከራ መዝገብ ገና አልተዘጋጀም ነበርና ከእውነተኞቹ አንዱን ሊከፍት አሰበ። ጣቶቹ የታላቅ ወንድሙን የካርድ ቁጥር ጻፉ። ወንድሙ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። በመጀመሪያው በይነገጽ «ሞቷል» የሚለውን «በሕይወት አለ» አደረገው። ጥቂት አየው። ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ዘጋው። ያልተፈረመበት ካርድ እንዳልተጻፈ በሚቆጠርበት ክፍል ሠላሳ ዓመት ኖሯልና፣ ያላስቀመጠው ነገር የሚቀር መስሎት ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ የወንድሙ ሚስት መጥታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የደረሳት መልእክት እንደሚለው፣ ሆስፒታሉ ባሏን ለሳንባ ክትትል ሐሙስ ጠዋት ቀጥሮታል።

«ወንድም ዓለም፣ ይምጣ ይላሉ። ማንን ልላክላቸው?»

«የእኔ እጅ ነው» አላት።

«ተሳስተህ?»

«ላየው ብዬ።»

«ታዲያ አየኸው?»

ባለሙያዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሽማግሌው ሁለተኛውን በይነገጽ ከፈተ። መዝገቡን አውጥቶ «ሞቷል» ብሎ ጻፈ። በይነገጹ ትእዛዙን ጠበቀ። ቀብሩን ሌሎች አስፈጽመዋል፤ መርዶውንም ሌሎች አርድተዋል። ይህን ግን ማንም አይጽፍለትም።

«በል እንጂ» አለችው የወንድሙ ሚስት፣ ከኋላው ቆማ፣ በቀስታ።

«አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ። ከዚያ ለባለሙያዋ «በሁለተኛው እንሥራ» አላት።

የሐሙሱን ቀጠሮ ባለሙያዋ ሰረዘችው፤ ወይም ሽማግሌው ራሱ ሰርዞት ይሆናል። ይህንም ሆነ ሌላ ያዛነፍሁት ነገር ካለ፣ በዚያ የነበረ አንባቢ ያርመኝ።