ስድስተኛው ቀዳዳ

1

«እናቁም?» አለኝ ይማም።

ሐረጎ ዳገት ላይ ነን፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ። ፒክአፑ የእሱ ነው፣ ሞተሩን ገጥሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አፍንጫችን ውስጥ የገባው ሽታ የማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም።

መልሴን ኋላ እነግርሻለሁ፣ አንባቢዬ።

ምናልባት።

5

ከአንድ ወደ አምስት ዘለልሽ አትበይኝ። ባለስድስት ፒስተን ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹ እሳት የሚያገኙት በዚህ ተራ ነው፦ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4። በሰልፍ ቆመው አይጠብቁም። እኔም አልጠብቅም። ካልተመቸሽ ለወንድምሽ ስጪው፤ እሱ ሳይገባው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ሉባባ እባላለሁ። ያስተማረኝ የለም። ጋሽ እንድሪስ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዕቃ በናፍጣ አጥባለሁ፤ ሳጥብ አያለሁ፣ ሳይ ይገባኛል፣ ከገባኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፦ የመጨረሻዋን ብሎን ያጠበቀ ሰው የሞተሩ ተጠያቂ እሱ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል።

እኔን ብሎን አስነክተውኝ አያውቁም ነበር።

3

የይማም ፒክአፕ ቴስታታ ተሰነጠቀ። (ቴስታታ ማለት ስድስቱን ፒስተኖች ከላይ የሚከድነው ከባድ ብረት ነው። አሁን ከወንድምሽ በለጥሽ።) ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ የዚያው ሞተር ታናሽ ወንድም፣ አነስ ያለው፣ ያለበት የተጣለ መኪና ነበር። ጋሽ እንድሪስ የታናሹን ቴስታታ አስፈትተው ታላቁ ላይ ጫኑና ብሎኖቹን አስገቡ። ሁሉም ገቡ።

«የአንድ እናት ልጆች!» አሉ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አንቺም አትሳቂ፤ ይልቅ እንዲህ አድርጊ፦

ቴስታታውን አስነሺና ነጭ ወረቀት ፒስተኖቹ ባሉበት ብሎክ ላይ አንጥፊ። ጣትሽን ዘይት ነከር አድርገሽ ወረቀቱን ጫን እያልሽ ዳብሺው። ቀዳዳ ባለበት ሁሉ ክብ ይወጣልሻል። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠሽ ቴስታታው ሆድ ላይ አስተኚው፤ እያንዳንዱን የውሃ ክብ በሚስማር ወጋ አድርጊው። ሚስማሩ ከሰመጠ ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ያልፋል።

ካልሰመጠ

6

○ ○ ○ ○ ○ ●

ቆመ።

ስድስተኛው ፒስተን ጋ ታላቁ ሞተር የውሃ መውጫ አለው፤ የታናሹ ቴስታታ ደፍኖታል። ብሎኑ ይገጥማል፣ ዳር ዳሩ ይገጥማል፣ ውሃው ግን እዚያ ሲደርስ ግድግዳ ያገኛል። ሜዳ ላይ ማንም አይነቃም። ዳገት ላይ ግን ስድስተኛው ብቻውን ይቃጠላል።

2

እኔ፦ ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ ሳይበሳ አይዘጋም።

ጋሽ እንድሪስ፦ አንቺ ልጅ፣ ዕቃሽን እጠቢ።

እኔ፦ አጥቤዋለሁ። ታጥቦም ድፍን ነው።

ይማም (አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ)፦ ኧረ ጋሼ፣ ይቺ የልጆቼን ጉሮሮ ልትበሳ ነው!

እኔ፦ የልጆችህ ጉሮሮ ከተዘጋ ሰነበተ። እኔ ልከፍተው ነው።

ጋሽ እንድሪስ፦ ስትበሺው ቢሰነጠቅስ? ሌላ ከየት አመጣለሁ?

እኔ፦ ሳይበሳ ከሄደ ሐረጎ ይሰነጥቅልዎታል።

ሚስማሩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ወጉ።

ቆመ።

ጋሽ እንድሪስ፦ እንግዲያው ብሺው። ዝጊውም። ከይማም ጎንም ትቀመጫለሽ። ሳትቆሙ፣ ሳይፈላ ደሴ ከገባችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተር ትዘጊያለሽ። ዳገት ላይ ካቆማችሁ ግን ወደ ናፍጣሽ። ሁለተኛ ስለ ሞተር ትንፍሽ ስትይ እንዳልሰማ።

እኔ፦ ትሰሙኛላችሁ።

4

በሳሁት። ዘጋሁት። ብሎኖቹን ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር እያዞርኩ አጠበቅሁ፤ ማንም ሳያሳየኝ። ይማምም ከጎማው ተነስቶ ቀርቦ አየ።

ሐረጎ ላይ ከፊታችን አንድ የተጫነ አሮጌ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። መቅደሚያ የለም። የፒክአፑ ሙቀት ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለን አፍንጫችን ነው። የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ።

«የዚያ የፊተኛው መኪና ፍሪሲዮን ነው የሚሸተው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ስድስተኛው ፒስተን ለእግራችን ቅርብ ነው። ወለሉ ሞቀ። ዳገት ላይ ወለል ይሞቃል።

እንዲህ ይሞቃል?

ይማም ጋራዥ ውስጥ እንደነበረው አይቀልድም። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ዞር ብሎ አየኝ። ካቆምን እኔ ወደ ናፍጣዬ። ካላቆምንና ሽታው የእኛ ከሆነ፣ እሱ መኪና የለውም።

«ሉባባ፣ እህቴ፣ የዘጋሽው አንቺ ነሽ። ያልሽኝን አደርጋለሁ። እናቁም?»

ሁለት መልስ አለኝ። ሁለቱም አፌ ላይ ልክ ናቸው፤ አንድ ብሎን አይጎድላቸውም።

ውሃ የሚያሳልፈው አንዱ ነው።

ወረቀቱ ያውልሽ። ሚስማሩም፤ ክፍቱን አንቺ ሙዪው።

ይማም፦ እናቁም?

እኔ፦ «                    »