የሻይ ሳህኑ ላይ የምትቀረው ፍሬ

ለቅሶ ቤት የቀረበለትን ቆሎ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። በለጠችም አልጠየቀችም። ባለፈው ጥር፣ ባሏ ዕዝራ የተቀበረ ዕለት፣ ጎረቤቶቿ ጓዳውን ተረክበው ሽር ጉድ ሲሉ አንድ እፍኝ የተቆላ የዱባ ፍሬ መዳፏ ላይ አደረጉላት፤ እያለቀሰች ቃመችው። እንዲያውም ጨው በዝቶበታል ብላለች! ዕዝራ ለዘር ያስቀመጠው መሆኑን ያወቀችው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን ይባላል? ዕዝራ አምስት ኪሎ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በዱባ ፍቅር የወደቀ ሰው ነበር። ከፒያሳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢያቸው በየዓመቱ አንዲት ዘር ብቻ ይተክላል፤ ከሐረጓም ላይ አንድ ዱባ አስቀርቶ ሌላውን ጮርቃ ሁሉ ይቀነጥሳል። የአምናውን ዱባ ከመደቡ ወደ በረንዳ ያወጡት ሁለት የአትክልት ተራ ወዛደሮች ናቸው፤ እነሱም እየተራገሙ።

የዚያን ዱባ ፍሬ አጥቦና አድርቆ በጣሳ አኑሮት ነበር። ጣሳውን አውርዳ የቆላችው መይሙና ናት፤ ግቢ የምትጋራት አትክልት ነጋዴ፣ የልብ ጎረቤቷ። ንፍሮው ሲያልቅባት፣ ለቀስተኛው ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ ብላ። ከዚያን ቀን ወዲህ የዱባ ስም ሲነሳ አንገቷን ትደፋለች። ይቅርታዋ ሲደጋገም በለጠች ሰለቻትና "ተይኝ እስቲ፣ ሰው ሞቶብኝ ለዱባ ላልቅስ?" አለቻት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ለዱባውም አልቅሳለች።

ደግነቱ ከጣሳው ሥር ያልተቆላ ጥቂት ፍሬ ተርፏል። ግንቦት ሲጋመስ ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ። የዕዝራ ዱባ ዘንድሮ ካልበቀለ ዘሩ ጠፋ ማለት ነው፤ መደቡ ደግሞ ከአንዲት ዘር በላይ አይችልም። በለጠች ፍሬዎቹን ጠረጴዛ ላይ በትና አፈጠጠችባቸው። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ያው! ሰውየው እንዴት ነበር የሚመርጠው? ዕድሜ ልኳን አብራው ኖራ ይህን አልጠየቀችውም። የምታውቀው፣ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ፍሬዎቹን በመሀረብ ቋጥሮ "ማኪያቶ ጠጥቼ ልምጣ" ብሎ ወደ ፒያሳ መውጣቱን ነው። ማኪያቶ ለመጠጣት የዱባ ፍሬ ምን ያደርጋል?

እሷም ቋጠረችና ወጣች። ዕዝራ የሚያዘወትረው ካፌ ገብታ ስትጠይቅ፣ አስተናጋጁ "ጋሼ እዚህ ጠጥተው ወደ ወርቅ ቤቱ ነበር የሚሻገሩት" አላት። ወርቅ ቤት! ልቧ ድንግጥ አለ። በዚያ ዕድሜው ለማን ወርቅ ሊገዛ?

ወርቅ ሠሪው ገነነ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነውና አወቃት። መሀረቡን ሲያይ ፈገግ ብሎ፣ ምንም ሳትነግረው የወርቅ ሚዛኑን ባንኮኒው ላይ አወጣ።

"እትዬ በለጠች፣ መቼ ይመጣሉ እያልኩ ነበር። ሙሽሮች ለቀለበት ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጋሼ ዕዝራ ዱባ ያስመዝናሉ!"

"እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ነበረችው ብዬ!" አለች በለጠች፤ እንባዋና ሳቋ እኩል መጡ።

ገነነ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየመዘነ ቀላል ቀላሉን ለየ። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ፤ ሚዛኑ ሊያበላልጣቸው አልቻለም።

"ከሦስቱስ የትኛውን ነበር የሚወስደው?" አለች ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ።

"ሦስቱንም። ስጠይቃቸው 'የቀረው የበለጠች ሥራ ነው' ይሉኛል።"

"የእኔ? እኔ ምኑን አውቄ!"

"እኔማ ምስጢሩን ከእርስዎ ልሰማ ነበር የጓጓሁት" አለ ገነነ፣ ቅር እያለው።

የበራላት መንገድ ላይ ነው። የሻይ ሳህኑ! ዕዝራ ከፒያሳ ሲመለስ ሻይ አፍልቶ ሦስት ጥሬ የዱባ ፍሬ በሳህን ያቀርብላት ነበር። "ብዪ፣ ለኮሶ ፍቱን ነው" ይላታል። አንዷን ፈልፍላ ትበላለች፤ ሁለተኛዋንም ትደግማለች፤ ሦስተኛዋን ግን ትተዋለች። የመጨረሻዋን ከሳህን ላይ የሚያነሳ ጨዋ የት አገር አለ? "ይቺ ያንተ ናት" ትለዋለች። እሱም ይስቅና ኪሱ ይከታታል። ኋላ የሚበላት ይመስላት ነበር።

"አንተ ዕዝራ! ለካ እኔ ነኝ ስመርጥልህ የኖርኩት!" ብላ ጮኸች፤ መንገደኛው ዞሮ አያት።

ደስታዋ ግን ከግቢው በር አላለፈም። ሦስቱን ሳህን ላይ ብታኖር፣ የመጨረሻዋን ለማን ልትተው ነው? ብቻውን የሚበላ ሰው ይሉኝታ የለበትም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ሳለ መይሙና ዘንቢሏን ይዛ ገባች።

"መይሙና! ነይ ሻይ ጠጪ።"

በለጠች ሻይ አፍልታ ሦስቱን ፍሬ በሳህን አቀረበች። መይሙና ሳህኑን ስታይ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። "እኔ? የዱባ ፍሬ? ወላሂ አልነካም! ያንን ሁሉ ፈጅቼ!"

"አብረን ነው የፈጀነው። እኔም ቅሜያለሁ። ብዪ፣ በሞቴ!"

መይሙና አንዷን አንስታ ፈለፈለች። በለጠችም አንዷን ፈለፈለች። አንዲት ቀረች።

"ይቺ የእርስዎ ናት" አለች መይሙና፣ ሳህኑን እየገፋች።

"የለም፣ የአንቺ ናት።" በለጠች ሳህኑን መልሳ ገፋችው።

"ኧረ በአላህ ይብሉ!"

"ኧረ አልበላም!"

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ በለጠች ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዕዝራ ከሞተ እንዲህ ስቃ አታውቅም። መይሙና ግራ ተጋብታ ታያታለች። በለጠች ፍሬዋን አንስታ በመዳፏ ጨበጠቻት።

"በይ ዶማውን አምጪ" አለች። "ይቺ የዕዝራ ናት።"